ታክስን ጨምሮ

«እማማ፣ መቶ ሰማንያ ይጎድላል» የሚለው የካሸሯ ድምፅ ሲመጣ ዋጋ ጸሐፊዋ መሰላሉ ጫፍ ላይ ነበረች። በግራ እጇ የመጋረጃውን ዘንግ ጨብጣለች፣ በቀኟ የዋጋ ወረቀት ይዛለች፣ በጥርሷ ደግሞ መርፌ ቁልፍ ነክሳለች። መጀመሪያ ላይ ነገሬ አላለችውም። በዚህ ሱቅ በቀን ሃያ ሰው ገንዘብ ይጎድለዋል፤ ሰዉ ይከራከራል፣ ይራገማል፣ ከዚያ ወይ ኪሱን አራግፎ ይከፍላል ወይ ዕቃውን ጥሎ ይወጣል። ጆሮዋን ቀጥ ያደረገው ተከትሎ የመጣው መልስ ነው። «አይ የኔ ልጅ፣ አይጎድልም። ሦስቴ ነው ያየሁት። ሺህ ሁለት መቶ ይላል፣ ይኸው ሺህ ሁለት መቶ። ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ፣ አይዋሽም።» መርፌ ቁልፉ ከጥርሷ አምልጦ ወለሉ ላይ ጠቅ አለ። እናቷ ነበረች።

የሚያውቁትን ሰው ከመሰላል ላይ ሆኖ ማየት ልብ ይሰብራል፤ ሰውየው ከሚያውቁት ያንሳል። የእናቷ ሻሽና ትከሻ ብቻ ነው የሚታየው። ፊት ለፊቷ ባንኮኒው ላይ ጠርዙ በሐር የተከፈፈ ነጭ የሕፃን ብርድ ልብስ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ የተፈታ መሐረብ፣ መሐረቡ ላይ ጥግ ጥጉ ተስተካክሎ የተደረደረ ገንዘብ። ከኋላዋ ስምንት ሰው ተሰልፏል። ካሸሯ ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ግን ሰልፍ ያስደነግጣታል፣ ስትደነግጥ ደግሞ ትጮሃለች። «ከስር ያለውን አላነበቡትም እንዴ? ‹ታክስ አይጨምርም› ይላል እኮ! አስራ አምስት በመቶ ሲደመርበት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ነው።» እናቷ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ እንደገና አስጠጋችው። «ይቺን ነው? እኔ እኮ ዝንብ ያረፈበት መስሎኝ።» ሰልፉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን የሚሳቅበት ሰው ክፉውን ከደጉ የሚለይበት ጊዜ የለውም። ከመሃል አንድ ወፍራም ሰውዬ ሰዓቱን እያየ «በቃ ልዩነቱን እኔ ልሙላላቸው፣ ወደየሥራችን እንሂድ» አለ። የእናቷ ትከሻ የወደቀው ይሄኔ ነው። ለሰው ስትሞላ እንጂ ሲሞላላት አታውቅም። «ያክብርልኝ ወንድሜ፣ አልተቸገርኩም» አለች። ብርድ ልብሱን ሕፃን እውስጡ የተኛ ይመስል ቀስ አድርጋ አጥፋ ባንኮኒው ላይ ተወችው፣ መሐረቧን ቋጠረች፣ ማንንም ሳታይ ወጣች።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሱቁ ባለቤት ከባንኮኒው ስድስት እርምጃ ርቆ በመስታወት ቢሮው በር ላይ ቆሞ ነበር። የሱቁ ባለቤት ደግሞ የዚያችው ሴት የበኩር ልጅ፣ መሰላል ላይ ያለችው ሴት ታላቅ ወንድም ነው። ከላይ ሆና ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አየቻቸው። እናቲቱ ከመውጣቷ በፊት አንዴ ቀና አለች፣ እሱም አያት፣ ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ከዚያ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ያልጮኸ ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈና ገብቶ በሩን ዘጋ። ሲዘጋው እንኳ አላስጮኸውም። የተናደደ ሰው በር ያላጋል፤ ቀስ አድርጎ የሚዘጋው በእናቱ ያፈረ ሰው ነው።

መሰላሉን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። ከበሩ ስትደርስ እናቷ የለችም። ሠራተኛው ሁሉ «ሻምበል» የሚለው፣ ውትድርና በደጁ አልፎ የማያውቅ ሽማግሌ ዘበኛ፣ «ወደ ታች ወረዱ። ‹ደህና ዋሉ እናቴ› ብላቸውም አልሰሙኝም» አላት። መንገዱን ግራና ቀኝ አየችው። መኪና፣ ጋሪ፣ የተማሪ መንጋ፤ የእናቷ ሻሽ ግን የለም።

ብርድ ልብሱ ለማን እንደሆነ ታውቃለች። ወንድሟ ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ባለፈው ሳምንት ሴት ልጅ ተወልዳለታለች፤ አያቲቱ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ‹ከሱቅህ ስጠኝ ብዬ ወስጄ ለራሱ ልጅ ስጦታ አመጣሁ ልል ነው? ከራሱ ጓሮ ቀጥፌ ለራሱ? በገንዘቤ ነው የምገዛው› ስትል ሰነበተች። ከጡረታዋ ቆረሰች፣ ትናንት መጥታ ዋጋውን አይታ ተመለሰች፣ ዛሬ ልኩን ቋጥራ መጣች። ፊደል የቆጠረችው በስልሳ ዓመቷ ነው፤ ያውም ልጇ እቤት ከምትለማመድባቸው ወረቀቶች ላይ። የጋዜጣ ፊደል ያደናብራታል፣ የመድኃኒት ዕቃ ጽሑፍ ያናድዳታል፤ ትልቁንና ክብ ክቡን የልጇን ጽሕፈት ግን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። በዓለም ላይ ከተጻፈው ሁሉ የምታምነው እሱን ነው። እሱም ዛሬ በሰው ፊት ከዳት።

ልጅቷን በሱቁ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ቁም ጽሕፈት» ነው የሚሏት። ሌላው ነጋዴ ዋጋውን በማሽን ያትማል፤ እዚህ ግን ከፔርሙስ እስከ መጋረጃ፣ ከሳፋ እስከ አንሶላ የተለጠፈው ወረቀት ሁሉ የእሷ እጅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጽፋለች። ዱሮ የምትጽፈው አንድ ቁጥር ነበር፤ ሰው ከኪሱ የሚያወጣው ቁጥር። ከሁለት ዓመት በፊት ከመንገዱ ማዶ አዲስ ሱቅ ሲከፈት ወንድሟ አንድ ማለዳ ጠራትና «ታክሱን ከወረቀቱ ላይ አንሺው» አላት። ምክንያት አላጣም፤ ምክንያት አጥቶም አያውቅ። «ታክሱ የኔ ነው? የመንግሥት ነው። የመንግሥትን ድርሻ ለምን በኔ ዋጋ ላይ አሸክማለሁ? ሰውም ለኔ ስንት፣ ለመንግሥት ስንት እንደሚከፍል ለይቶ ይወቅ። ይሄ እኮ ሕዝብ ማስተማር ነው።» እሷም «ለማስተማር ከሆነ ሁለቱንም ቁጥር እኩል አድርጌ ልጻፋቸው» አለች። ሳቀባት። «አንቺ ጻፊ እንጂ አትነግጂ።» ከስር የምትገባውን መስመር እንደ ቅጫም አሳንሳ እንድትጽፍም ቀጭን ብዕር ራሱ መርጦ ገዛላት። በዚያው ሰሞን ነው «ሱቅ ውስጥ ወንድምና እህት የሚባል ነገር የለም፤ ‹አለቃ› በይኝ፣ ‹እርስዎ› በይኝ» ያላት። እናታቸውም ወደ ሱቁ ብቅ ካለች «ልጄ» ብላ እንዳትጠራው መልእክት ተላከባት። መልእክቱን ያደረሰችው ቁም ጽሕፈት ራሷ ናት። ሻይ እያቀረበች፣ እንደ ቀላል ነገር አድርጋ ነበር የነገረቻት፤ እናቷም ሻይዋን ፉት ብላ «እንደወደደ» አለች።

ቢሮው ስትገባ ተቀምጦ ሻይ ያማስላል። ጠረጴዛው ላይ የሕፃኗ ፎቶ ወርቃማ ፍሬም ውስጥ ቆሟል፤ ፍሬሙ ከሱቁ ስለተወሰደ የዋጋው ወረቀት ገና አልተላጠም። ቀና ሳይል «ከምሳ በኋላ ልክ ስንከፍት የባንኩ ሰው ይመጣል» አላት፤ «የምከፍተው የሁለተኛው ሱቅ ብድር የሚፈቀደው ዛሬ ነው። እሱ ባለበት ሱቁ ግጥም ብሎ መታየት አለበት። የፊት ጠረጴዛዎቹን ወረቀት በሙሉ አድሺልኝ፣ ደመቅ ይበል።» ቆመች። ማንኪያው ብርጭቆውን ያንኳኳል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። እሱ ሻዩን ቀመሰ፣ ስኳር ጨመረ፣ እንደገና አማሰለ። አንዲት ቃል ነበር የምትጠብቀው። ‹እማዬ መጥታ ነበር እንዴ?› ቢላት፣ ውሸቱን እያወቀች እንኳ ትተወው ነበር። ውሸትም ቢሆን ማፈር ነውና። እሱ ግን አንድ ወረቀት ገለበጠ፣ ሌላ ገለበጠ፣ በመጨረሻ የቆመችውን ገና አሁን ያየ ይመስል ቅንድቡን አንስቶ «ሌላ ነገር አለ?» አላት። «የለም፣ አለቃ» አለችና ወጣች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገሬ ሰው፤ ይሄኛው ወጊ ግን ጦሩ ሳይነቀል ነው የረሳው። በሩን እሷም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ለምሳ ሱቁ ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ይዘጋል። ሠራተኛው ወጣ፣ አለቃ አራሷን ለማየት ሄደ፣ ሻምበል ብቻ በር ላይ ወንበሩን አስደግፎ ቀረ። ቁም ጽሕፈት ከአንሶላውና ከብርድ ልብሱ መሃል ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፋ ተቀመጠች። ዳቦዋን ከመጠቅለያው አላወጣችውም። ነጭ ወረቀት ቆረጠች፣ ሰፊውን ብዕር አወጣች፣ የቀይ ቀለሙን ጠርሙስ ከፈተች። ቁጥሮቹን አልነካቻቸውም፤ ሺህ ሁለት መቶው ሺህ ሁለት መቶ ነው፣ ሰባት መቶ ሃምሳው ሰባት መቶ ሃምሳ ነው፣ ሦስት መቶ ዘጠናው ያው ሦስት መቶ ዘጠና ነው። ከስር ያለችውን ቅጫም ብቻ ነው የገደለቻት። በእሷ ፋንታ ከቁጥሩ በሚበልጥ ቀይ ፊደል «ታክስን ጨምሮ» ብላ ጻፈች። አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው፣ ሌላውን ጨርሳ ወደ ሌላው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል፤ እሷ ግን ያን ቀን ቂሟን እንደያዘች እንደ ጸሎት ነበር የጻፈችው፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ፣ አንድ ጠብታ ሳይፈስ። ስልሳ ሁለት ወረቀት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ አሳምራ ጽፋ አታውቅም።

ሻምበል ትከሻዋ ላይ መጥቶ ሲቆም አልሰማችውም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። «እቱ፣ አለቃ ነው ያዘዘው?»

«ደመቅ ይበል ነው ያለኝ።»

«ደምቋል።» አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እኔስ ዱሮም ይገርመኝ ነበር። የኛ ነገር እኮ ‹በነጻ ግቡ› ብሎ ሲወጡ በር ላይ ማስከፈል ነው። እዛ በር ላይ ቆሜ የሚወጣውን ሰው ፊት የማየው እኔ ነኝ። ሲገቡ ያው ሰው፣ ሲወጡ ሌላ ሰው።» ዝቅ ብሎ አንዷን ወረቀት አቃናላት። «እንግዲህ እኔ ምንም አላየሁም። ዓይኔም እንደምታውቂው ደካማ ነው።»

«ዘበኛ ሆነህ?»

«ታዲያ በርካሽ የቀጠረኝ ለምን መሰለሽ!»

ወረቀቶቹን ለጠፈች። ከዚያ ባንኮኒው ኋላ፣ ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ፣ አቧራ ለብሶ ከተሰቀለበት አንድ ሰሌዳ አወረደች። ይህን ሰሌዳ ወንድሟ የሚጨቃጨቅ ገዢ ሲሰለቸው ቃል በቃል እየነገራት የጻፈችው ነው፦ «ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ዋጋ ነው። ክርክር የለም። አስተዳደሩ።» በቀሚሷ ጠርዝ ወለወለችውና ገዢ ሁሉ ፊት ለፊት እንዲያየው አድርጋ ሰቀለችው።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገቡት ሁለት ሴቶች አንሶላውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ሊያልፉ ሲሉ አንደኛዋ ቆመች። አነበበች። ጓደኛዋን በክርኗ ጎሰመቻት። ወሬ እግር የለውም፣ ግን መንገድ ሲሻገር መኪና አይፈራም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከማዶው ሱቅ ሳይቀር ሰው እየተሻገረ ገባ። አለቃ ከባንኩ ሰው ጋር ቀድሞ ነበር ወደ ቢሮው የዘለቀው፤ በመስታወቱ ውስጥ ሰዉ ሲጎርፍ እያየ፣ ለእንግዳው በአገጩ እያሳየ ፈገግ ይላል። ወረቀቶቹን ግን አላነበበም። ዘጠኝ ዓመት አንብቦት የማያውቀውን የእህቱን ጽሕፈት ዛሬ ምን ብሎ ያነባል? እሷ መሰላሏ ላይ ወጥታ የተሰቀለውን መጋረጃ ደግማ እያቃናች ትጠብቃለች።

ነገሩ የፈነዳው ወርቃማ ክፈፍ ያለው መነጽር ያደረገች፣ አስተማሪነት ከአቋቋሟ የሚያስታውቅ ሴት ሦስት አንሶላ ይዛ ባንኮኒው ላይ ስትደርስ ነው። ካሸሯ ማሽኑን ጠቀጠቀችና ድምሩን ነገረቻት። ሴትዮዋ ወረቀቱን ከአንሶላው ላይ ነቅላ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችላት። «ታክስን ጨምሮ ይላል።» «ማሽኑ ራሱ ነው የሚደምረው፣ እትዬ።» «ማሽኑን አትጥሪብኝ። ማሽኑ ማንበብ አይችልም፤ አንቺ ትችያለሽ።» ከኋላ አንዱ የሰሌዳውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሌላው «ክርክር የለም!» ብሎ ደገመለት፣ ሳቅ ሆነ፣ ከሳቁ ኋላ ጉርምርምታ መጣ፣ ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። ካሸሯ ፊቷ ቲማቲም መስሎ «አለቃ! ኧረ አለቃ!» ብላ ጮኸች።

አለቃ ወጣ። የባንኩ ሰውም ቦርሳውን በክንዱ እንዳደረገ ተከተለው። ወረቀቱን ሰጡት፤ አነበበ። ወደ ጠረጴዛዎቹ ዞረ፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። ቀና ሲል መሰላሉ ላይ አያት፣ ዓይኑ እንደ ምስማር ተተከለባት። እሷም ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም። ላቡ ከጆሮ ግንዱ ወርዶ አንገቱ ላይ ሲንሸራተት ከላይ ሆና እያየች፣ ‹እንዲህ ነው ሰው ፊት መቆም› ትል ነበር በሆዷ። ግን የወንድሟን ነገር ረስታዋለች፤ እንደ ድመት ነው፣ ከየትም ሲወድቅ በእግሩ ነው የሚያርፈው። ድንገት ጥርሱ ብልጭ አለ። እጁን ዘረጋ። «እንኳን ደስ ያላችሁ! ልጅ ተወልዳልኛለች! ለሷ ክብር ዛሬና ነገ የሁላችሁንም ታክስ የሚከፍለው ሱቁ ነው!» ሰዉ አጨበጨበ። አንዲት ሴት መረቀችው። የባንኩ ሰውም ራሱን ነቀነቀና «ብልህ ማስታወቂያ ነው» አለው። ቁም ጽሕፈት በቀሏ እንደ ሳሙና ከእጇ ሲያመልጥ ተሰማት። ገንዘብ ስታስከፍለው የሚያመው መስሏት ነበር። እሱ የሚያመው ሌላ ቦታ ነው።

ከመሰላሉ ወረደች፣ አሁን ግን እያንዳንዷን ደረጃ እያወቀቻት። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ከባንኮኒው ስር ጠዋት የተመለሰውን ነጭ ብርድ ልብስ አወጣችና ፊቱ አኖረችው። ድምጿ ረጋ ያለ ነበር። «አለቃ፣ ጠዋት በዚህ ብርድ ልብስ ላይ መቶ ሰማንያ ጎደላቸው ተብለው የተመለሱ አንድ እናት ነበሩ። ቅናሹ ለሳቸውም ይሠራል?»

ደስታው ገና ከአፉ አልወረደም ነበር። «ይሠራል እንጂ! ማንም ይሁን ማን ይጠሩ፣ ይምጡ!»

«ልጠራቸው እችላለሁ። ማን ብዬ ልጥራቸው?»

«እ… ስማቸውን ካወቅሽ በስማቸው።»

«ስማቸውን አውቀዋለሁ። እኔ የምጠይቅህ ላንተ ምንህ እንደሆነች ነው፣ ጋሼ።»

ይህን ቃል በዚህ ጣሪያ ስር ሁለት ዓመት አላለችውም። ባለመነጽሯ ሴት መነጽሯን አወለቀች። ካሸሯ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየች፤ ነገሩ ቀስ በቀስ ሲገባት ከፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። «ጋሼ? እህቱ ነሽ እንዴ? ታዲያ ያቺ እናት…» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አለቃ፣ የእርስዎ እናት ናቸው? እዚሁ ቆመው እያዩኝ እኮ ነበር! እናትዎ ላይ ነው ያስጮሁኝ?» አለቃ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ወደ ባንኩ ሰው ዞረ፤ የባንኩ ሰው ጫማውን እያየ ነበር። ምድር ብትሰነጠቅ ደስታውን አይችለውም ነበር፤ ምድር ግን እንዲህ ላለው ጉዳይ ተሰንጥቃ አታውቅም። «እናቴ ናት» አለ ቀስ ብሎ።

«በሩ ጋ አልተሰማም!» አለ ሻምበል።

«እናቴ ናት።»

ከዚያ በኋላ የሰደበው የለም፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ባለመነጽሯ ሴት ሦስቱን አንሶላ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ «ለኔስ ይቅርብኝ» ብላ ወጣች። ግማሹ ሰው ተከተላት፤ ግማሹ ግን፣ ሰው ነውና፣ የተገኘ ቅናሽ አይጣልም ብሎ ሰልፉን ያዘ። የባንኩ ሰው «በሌላ ቀን እንነጋገር፣ ሌላ ቀጠሮ አለብኝ» ብሎ የቦርሳውን ዚፕ እየዘጋ ሄደ። ካሸሯ እያለቀሰች ተነሳች፣ ቁልፉን ማሽኑ ላይ ተወችው፤ ኪሷን ፈትሻ አንድ መሐረብ አወጣችና አፍንጫዋን እየጠረገች በጓሮ በር ጠፋች። ማሽኑ ላይ ሌላ የሚቆም አልነበረም። አለቃ ራሱ ቆመ። እያንዳንዱ ገዢ ወረቀቱን ያቀብለዋል፣ እሱ ከድምሩ ላይ ታክሱን በእጁ ይቀንሳል፣ ገዢው መልሱን እስኪቀበል ድረስ ፊቱን ያያል። ቀጥሎ ያለውም ያያል። ቁም ጽሕፈት ሽርጧን አውልቃ አጣጠፈችና ቀጭኑን ብዕር ከላይ አድርጋ ባንኮኒው ላይ አኖረችለት። ቀና ሳይል «ነገ እንዳትመጪ» አላት። «እሺ ጋሼ» አለችው።

ሁለቱ ክፍል ቤታቸው ስትደርስ ፀሐይ ገና ከመስኮቱ አልወረደችም። እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የትራስ ልብስ ትጥፋለች። ቁም ጽሕፈት ቆማ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ከቀይ ቀለሙ እስከ ሻምበል ጩኸት አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ስትናገር ጉንጮቿ ይሞቁ ነበር፤ ምርቃት የምትጠብቅ ይመስል ነበር። እናቷ መርፌዋን አላቆመችም። ነገሩ ሲያልቅ «ማን አዘዘሽ?» አለች።

«እማዬ፣ እያየሽ ዞረብሽ እኮ!»

«እኔ አላየሁም? ዓይኑን አይቼ አይደል ዝም ያልኩት? ‹ልጄ› ብዬ መጥራት አቅቶኝ መሰለሽ? ያቺ ልጅ ስትጮህብኝ፣ ሰው ሲስቅብኝ፣ ያ ሰውዬ ሊመጸውተኝ ሲል፣ እኔ አንዲት ቃል ባወጣ የሚዋረደው ማን ነበር? ሸፍኜው ነበር እኮ። በገዛ ውርደቴ ሸፍኜው ወጣሁ። አንቺ ገለጥሽው።» ክሩ ተቋጠረባት፤ ፈታችው። «እንግዲህ ሥራሽም ሄደ።»

«ሄደ።»

ቁም ጽሕፈት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጉንጯ ቀዘቀዘ። ከጎረቤት የተከፈተ ውሃ ሳፋ ውስጥ ይንዶቆዶቃል፤ የሆነ ልጅ ደረጃ እየዘለለ ይወርዳል። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ከአልጋው ወደ ግድግዳው ሲሸሽ እናቷ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ «ቆሞ ነበር ወይስ ተቀምጦ?» አለች።

«ማን?»

«ማን ይሆናል እንግዲህ።»

«ቆሞ። ወንበሩ አለ፣ ግን አልተቀመጠም።»

«ላብ ነበረው?»

«ኮሌታው እስኪርስ።»

መርፌዋ ሁለት ጊዜ ወጣች፣ ሁለት ጊዜ ገባች። «ያ ወፍራሙ ሰውዬስ፣ ልሙላላቸው ያለው? እሱ ነበረ?»

«የለም፣ እሱ ጠዋት ነው የሄደው።»

«ያሳዝናል። እሱ ማየት ነበረበት።» ከንፈሯ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው ነክሳ ያዘችው። «ዛሬና ነገ ነው ያለው?»

«በሰው ፊት ነው ያለው፣ ሊያጥፈው አይችልም። ቢያጥፈውም ደግሞ ወረቀቶቹ እንደተለጠፉ ናቸው።»

«ማሽኑ ላይስ ነገ ማን ነው የሚቆመው?»

«ካሸር በአንድ ሌሊት ከየት ያመጣል? ራሱ ነው የሚቆመው።»

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ የትራስ ልብሱን አራገፈች፣ ጭኗ ላይ አስተካክላ አጠፈችው፤ ከዚያ ከትራሱ ስር ሺህ ሁለት መቶ የቋጠረችበትን መሐረብ ሳበች።

«ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?» አለች።